ዋናውን የሚበላ የጥጥ እርሻ

ከትርፍ መብላት እንጂ ዋናውን ገንዘብ አለመንካት የንግድ መሠረት መሆኑን ማንኛውም ባለሱቅ ያውቀዋል። የጥጥ እርሻም በዚሁ ሕግ የሚተዳደር ንግድ ነው። የዚህ ንግድ ዋና ገንዘብ አፈሩ ነውና፣ በያመቱ ከመሬቱ ወስዶ ምንም የማይመልስ አራሽ ትርፍ ያገኘ እየመሰለው ዋናውን ይበላል።

በአዋሽ ሸለቆም ሆነ በመተማና በሑመራ ቆላ የተለቀመው ጥጥ በመዳመጫ ሲያልፍ፣ ከመቶው ኪሎ ነጭ ጥጥ ሆኖ የሚወጣው ከ35 እስከ 40 ኪሎ ያህል ነው። ነጩ ጥጥ ተክሉ ከአየርና ከውሃ የሠራው ስለሆነ ለገበያ ቢሄድ አፈሩን እምብዛም አያደኸየውም። ከአፈሩ የተወሰደው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ በአብዛኛው የሚገኘው በፍሬው፣ በቅጠሉና በአገዳው ውስጥ ነው። ስለዚህ ፍሬው ተጨምቆ ፋጉሎው ወደ ሩቅ አገር ሲሸጥ፣ አገዳው ሲቃጠል፣ የከብቱም እበት ኩበት ሆኖ ሲነድ፣ የመሬቱ ሀብት አብሮ ይሄዳል።

ይህን ጉድለት በፋብሪካ ማዳበሪያ ብቻ ለመሙላት የሚያስቡ አሉ። በእርግጥ አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ሲይዝ፣ በአንድ ኩንታል እርጥብ ፍግ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ አይበልጥም። ነገር ግን ፍግ አፈሩን ያለሰልሳል፤ ውሃ እንዲይዝ ያደርገዋል፤ ምግቡንም ለተክሉ ቀስ በቀስ ያቀብላል። ይህን ሥራ ዩሪያ አይሠራውም። በተራቆተ መሬት ላይ የተበተነ ዩሪያ ከፊሉ በሙቀት ይተናል፤ ከፊሉም በመስኖ ውሃ ይታጠባል። ከልክ ሲያልፍም ጥጡ ቅጠል ያበዛል፤ ፍሬው ይዘገያል፤ ተባይም ይበረታበታል። ፍግም ብቻውን ለሰፊ እርሻ አይበቃም። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የተባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል።

በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ በኦበርን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 ዓ.ም. የተጀመረው የጥጥ ሙከራ ለዚህ ምስክር ነው። ያለ ናይትሮጅን በያመቱ ጥጥ ብቻ የተዘራበት መሬት ምርቱ ዝቅ ብሎአል። በክረምት የጥራጥሬ ወገን የሆነ ተክል እየተዘራ ወደ አፈሩ የተመለሰበት መሬት ግን የፋብሪካ ናይትሮጅን ከተሰጠው ጋር የሚወዳደር ምርት ሰጥቶአል።

ማዳበሪያ የሚሸጥ ነጋዴ ፍግ ገበያውን የሚሻማበት ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ በደከመ መሬት ላይ ማዳበሪያ ያፈሰሰ ገበሬ ወጪውን ካልመለሰ በሚመጣው ዓመት ደንበኛ አይሆንም። ማዳበሪያውም በአብዛኛው ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለሆነ የሚባክነው እያንዳንዱ ኩንታል የአገር ኪሣራ ነው።

እንግዲህ የመዳመጫ ባለቤት ጉድፉን ከመጣል ይልቅ፣ ተባይ እንዳያስተላልፍ በሚገባ ሞቆ እንዲበሰብስ አድርጎ ለእርሻው ይመልስ። ፋጉሎ የሚሸጠውም በጥጥ አገር ያሉትን ከብት አደላቢዎች ያስቀድም፤ ፍጉ ወደዚያው መሬት ይመለሳልና። ጥጥ ላኪውም ሆነ ጨርቅ ሻጩ ነገ የሚነግደው አፈሩ ዛሬ በተመለሰለት መጠን ነው።