ያልተሰማ ዘፈን ዋጋ አይወጣለትም

በመጋዘን የተቆለፈ ዕቃ ምንም ያህል ጥራት ቢኖረው፣ ገዢ እስካላወቀው ድረስ ወጪ እንጂ ገንዘብ አለመሆኑን የንግዱ ኅብረተሰብ ጠንቅቆ ያውቃል። ቡናው ይቀመሳል፣ ጨርቁ ይዳሰሳል፣ ቤቱ በደላላ ይታያል። ሙዚቃ ግን ካልተሰማ በስተቀር የሚመዘንበት መንገድ የለውም። ታላላቅ አሳታሚዎችና የንግድ ሬዲዮ ጣቢያዎች ደግሞ በአብዛኛው የሚያሰሙት ቀድሞ ገበያ ያገኘውን ነው። ከዚህ ውጭ የቀረው፣ በተለምዶ «አንደርግራውንድ» የሚባለው ሙዚቃ፣ አድማጩን የሚያገኘው የትልቅ ኩባንያ እጅ ባልገባባቸው ሬዲዮ ጣቢያዎችና በኢንተርኔት በሚወጡ አነስተኛ የሙዚቃ መጽሔቶች በኩል ነው።

እነዚህ ተቋማት በገበያ ቋንቋ ደላሎች ናቸው። ከሌሎች ደላሎች የሚለዩት ሻጭና ገዢን አገናኝተው ብዙውን ጊዜ ኮሚሽን ሳይቀበሉ መቅረታቸው ነው። በመሆኑም መነሳት ያለበት ጥያቄ ኮሚሽኑን ማን ይክፈል የሚለው ነው።

የዚህ ድለላ ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ ከራሱ ከኢትዮጵያ ሙዚቃ መረዳት ይቻላል። በአዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት የነበረው የዋሊያስ ባንድ ኪቦርዲስት ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በ1985 በአኮርዲዮንና በኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ የተጫወተውን ካሴት አወጣ። ከዚያም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እያሽከረከረ ኑሮውን መራ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ከ2006 ጀምሮ የአፍሪካ ካሴቶችን «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በሚል ስም በኢንተርኔት ያስተዋውቅ ነበር። ይኸው ሰው የኃይሉን ካሴት ባህር ዳር ላይ አግኝቶ ባለቤቱን አፈላለገና በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ተጫወተ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ሺምኮቪትዝ በይፋ ያሳወቀው አሠራርም ትርፉን ከሙዚቀኞቹ ጋር እኩል መካፈል ነው።

ነጋዴ ይህንን ታሪክ ሲያነብ ሊያስተውል የሚገባው አንድ ነጥብ አለ። በ1985 የተቀረጸው ዕቃና በ2013 የተሸጠው ዕቃ አንድ ነው። ጥራቱ አልተሻሻለም፣ ጥሬ ዕቃ አልተጨመረበትም። የተለወጠው መረጃው ብቻ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ዋጋ ያልወጣለት ሀብት ዋጋ ያገኘው የሚያሰማው ሰው ስለተገኘ ነው።

አንዳንድ ወገኖች «ዛሬ እንደ ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ያሉ አገልግሎቶች እያሉ ደላላ ምን ያደርጋል?» ይሉ ይሆናል። ክርክሩ ለጊዜው አሳማኝ ቢመስልም ሲመረመር ጎዶሎ ነው። የእነዚህ ኩባንያዎች ኮምፒዩተር ዘፈን የሚመርጠው ባመዛኙ ሰዎች ከዚህ በፊት ያዳመጡትን መሠረት አድርጎ ነው። ይህም ብዙ ሰው ያየውን ቤት ብቻ ደጋግሞ እንደሚያሳይ ደላላ ነው። ክፍያውም ቢሆን ለትንሹ አይመችም። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን የቅጂ ክፍያ አያስብም። ከዚህ ቁጥር በታች ያለው ጀማሪ አንድ ሰው በጆሮው ሰምቶ «ይህ ይደመጥ» እንዲልለት ያስፈልገዋል።

ይህን ሥራ ማን ይደጉመው ለሚለው ጥያቄ የአሜሪካ ገበያ ሁለት ተቃራኒ ልምዶችን ያሳያል።

የመጀመሪያው በኒው ጀርሲ የሚገኘው ደብልዩ ኤፍ ኤም ዩ ሬዲዮ ነው። ጣቢያው በ1958 የአፕሳላ ኮሌጅ የተማሪዎች ሬዲዮ ሆኖ ተጀመረ። ኮሌጁ ከስሮ በ1995 ሲዘጋ ጣቢያው አብሮት አልሞተም፤ የሬዲዮው ሰዎች አስቀድመው ፈቃዱን ከኮሌጁ ገዝተው ነበር። ጣቢያው ማስታወቂያ አያሰማም። አብዛኞቹ አዘጋጆች ያለ ደመወዝ ይሠራሉ፤ የሚያሰሙትንም ራሳቸው ይመርጣሉ። ወጪው የሚሸፈነው በዋነኛነት በየዓመቱ ከአድማጮች በሚሰበሰብ መዋጮ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» እንዲሉ፣ አንድ ባለሀብት ሊሸከመው የማይፈልገውን ወጪ ብዙ አድማጭ ተካፍሎ ይሸከመዋል።

ሁለተኛው የፒችፎርክ ታሪክ ነው። ይህ የኢንተርኔት መጽሔት በ1996 በሚኒያፖሊስ አካባቢ በራያን ሽራይበር የተመሠረተ ሲሆን፣ አልበሞችን ከ10 ነጥብ እየሰጠ ይገመግም ነበር። በ2004 «አርኬድ ፋየር» ለተባለው የካናዳ ባንድ የመጀመሪያ አልበም 9.7 ሰጠ፤ ይህም ግምገማ ከአነስተኛ አሳታሚ የወጣው አልበም በስፋት እንዲሸጥ ካገዙት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። የመጽሔቱ ስም ሲገን ኮንዴ ናስት የተባለው ትልቅ አሳታሚ ኩባንያ በ2015 ገዛው። በጥር 2024 ይኸው ኩባንያ ፒችፎርክን ጂ ኪው በተባለው የወንዶች መጽሔት ሥር እንደሚያጠቃልለው አስታወቀ፤ ከሠራተኞቹም የተወሰኑት ተሰናበቱ። ትናንሽ ሙዚቀኞች ሥራቸውን በቀጥታ የሚሸጡበት ባንድካምፕም በ2022 ለኤፒክ ጌምስ፣ በ2023 ደግሞ ለሶንግትራደር ሲተላለፍ ግማሽ ያህሉን ሠራተኛ አጥቷል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ትልቅ ካፒታል ክፉ ነው የሚል አይደለም። ደላላን ጠቅልሎ የገዛ ሰው የገዛው ስሙን መሆኑን፣ ስሙን ያቆመው ደግሞ የማንም አለመሆኑ እንደነበር መዘንጋት የለበትም ለማለት ነው። ባለቤቱ ትርፍ በቀነሰ ጊዜ ሊዘጋው ወይም ሊያጥፈው መብቱ ነው፤ ገበያው ግን ከእርሱ ጋር ጆሮውን ያጣል።

ኮሚሽኑን ሻጩ በስውር ቢከፍልስ? ይህም ተሞክሮ ያስከተለው ጉዳት ይታወቃል። በአሜሪካ አሳታሚዎች ዘፈን እንዲሰማላቸው ለሬዲዮ አዘጋጆች የሚሰጡት ጉቦ «ፔዮላ» በሚል ስም በ1959 እና በ1960 በምክር ቤት ተመርምሮ፣ ያልተገለጸ ክፍያ በሕግ ተከልክሏል። ከሻጭ በጎን የተቀበለ ደላላ ቃሉ ዋጋ እንደማያወጣ የመርካቶ ሰው ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ በአዲስ አበባ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች የአየር ሰዓት ገዝቶና ስፖንሰር ፈልጎ ፕሮግራም ማዘጋጀት የተለመደ አሠራር ነው። አዘጋጁ የሰዓቱን ኪራይ ለመሸፈን ስፖንሰሩ የሚወደውን፣ ስፖንሰሩም ብዙኃኑ የሚያውቀውን መምረጡ አይቀርም። በዚህ ስሌት በቤቱ ቀርጾ በስልኩ የያዘ ወጣት ሙዚቀኛ ተራ አይደርሰውም። ችግሩ የችሎታ እጥረት እንዳልሆነ የቀድሞው ታሪክ ይመሰክራል። በ1969 አምሃ እሸቴ የመንግሥትን የሸክላ ኅትመት ሞኖፖል ጥሶ በህንድ አገር ማሳተም ሲጀምር፣ ሙዚቀኞቹ ቀድሞም ነበሩ፤ የጎደለው በሩን የሚከፍት ነጋዴ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ዘርፍ መሥራት የሚሻ ባለሀብት ጣቢያውን ወይም መጽሔቱን የእኔ ካላልኩት ከሚል አስተሳሰብ ሊላቀቅ ይገባል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ግብይት ሲጀምር በየከተማው የተተከለው የዋጋ ማሳያ ሰሌዳ ራሱ ትርፍ እንዲያመጣ አልተጠበቀም፤ የሚጠበቅበት ግብይቱን ማሳለጥ ነበር። የሙዚቃ ደላላም መታየት ያለበት በዚሁ ዓይን ነው። ከሙዚቃ ገቢ የሚያገኙ ሆቴሎች፣ የሙዚቃ ቤቶች፣ ስቱዲዮዎችና የሙዚቃ መሣሪያ አስመጪዎች በምርጫው ውስጥ ሳይገቡ በግልጽና በመደበኛነት ጥቂት ቢያዋጡ፣ አድማጩም በቴሌብር በየወሩ የአቅሙን ቢልክ፣ አንድ አነስተኛ ጣቢያ ወይም መጽሔት በሁለት እግሩ ሊቆም ይችላል።

ይህ ካልሆነ የዛሬው ወጣት ሥራም የኃይሉን ካሴት ዕድል መጠበቅ ይኖርበታል። ሃያ ስምንት ዓመት ደግሞ ለካፒታል ረጅም፣ ለሰው ዕድሜ ከዚያም የረዘመ ጊዜ ነው።