«ላክሁ» ማለት «ደረሰ» ማለት አይደለም



በየሳምንቱ በብዙ አጥቢያዎች የሚሆነውን ሁላችን እናውቃለን። አገልጋዩ ጥናቱን በኮምፒውተር ይተይባል፣ ወደ ስልኩ ያዛውረዋል፣ ከዚያም ለምእመናኑ ይልካል። «ላክሁ» ይላል፤ ሸክሙም ከትከሻው ይወርዳል። ግራና ያለች እናት ግን ስልኳን ስትከፍት የሚታያት ባዶ ካሬ ካሬ ወይም ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ከሆነ ምን ተላከላት? እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ሊነበብ በማይችል መልክ የሄደ ቃል አልተላከም። ጉዳዩን «የቴክኒክ ነገር ነው» ብለው የሚያልፉትን አጥብቀን እንቃወማለን።

የቆቦ ግራናን ሸለቆ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። በዚያ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በፓምፕ ይሳባል፤ ማሳም ያጠጣል። ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ፣ ቱቦው መሐል ላይ ከተቆረጠ ሽንኩርቱ ይደርቃል። ገበሬው «ፓምፑ ሠርቷል» ቢባል አይጽናናም። የሚጠይቀው ውኃው ማሳው መድረሱን ነው።

የእኛ ቱቦ የት ይቆረጣል? በ1990ዎቹ በስፋት የተለመዱት እንደ ቪዥዋል ግዕዝና የቀድሞው ፓወር ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ያ ፎንት ባለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ አማርኛ ይመስላል፤ ፎንቱ የሌለው ስልክ ላይ ሲደርስ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ «ሀ» በየትኛውም መሣሪያ የራሷ ቁጥር አላት። መንገዱ ከተከፈተ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬም በአሮጌው አጻጻፍ ተይቦ መላክ ችግር መሆኑ ቀርቶ ቸልተኝነት ሆኗል።

«ዋናው መንፈሱ ነው፤ ፊደል ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 የማይገባ ንግግር ለነፋስ እንደ መናገር መሆኑን ያስተምራል። ዕንባቆምም ራእዩን አንባቢው ሳይቸገር እንዲያነበው በግልጽ እንዲጽፍ ታዝዟል (2፥2)። በነህምያ ዘመን ሌዋውያን ሕጉን አንብበው ብቻ አልተቀመጡም፤ ሕዝቡ እስኪያስተውል አስረዱ (8፥8)። መንፈስ ቅዱስ ግልጽነትን የሚንቅ ከሆነ እነዚህ ሁሉ ለምን ደከሙ?

«በላቲን ፊደል እንጽፈዋለን፤ ወጣቶቹ ያነቡታል» የሚሉም አሉ። እናቶቻችንስ? በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሸመገለ ዕድሜያቸው ሀ ሁ የቆጠሩ ብዙዎች ናቸው። በዚያ ፊደል የተከፈተላቸውን በር እኛ እንዝጋባቸው? ደግሞም በላቲን ሲጻፍ «መጣ» እና «መታ» አንድ ይሆናሉ። «ጌታ መጣ» የሚለው የምሥራች «ጌታ መታ» ተብሎ ቢነበብ ተጠያቂው ማን ነው?

ሌሎች «በፒዲኤፍ ወይም በፎቶ እንልካለን» ይላሉ። እውነት ነው፣ ፊደሉ አይበላሽም፤ ለማተምም ይመቻል። ነገር ግን ለማውረድ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ በትንሽ ስልክም ፊደሉ ዓይን ያደክማል። የሰሜን ወሎ ወገኖቻችን መቋረጥን ያውቁታል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወልድያ ሲገባ አይተዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። አጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ በሚሠራበት ቀን ባለ ሃያ ገጽ ፒዲኤፍ ለማን ይደርሳል?

አባቶቻችን በዚህ ጉዳይ አልቀለዱም። አቡ ሩሚ በመባል የሚታወቀው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰ። አዲስ ኪዳኑ እ.ኤ.አ. በ1829፣ ሙሉው በ1840 ታተመ። ያን ሁሉ ዓመት የተደከመው ሕዝቡ ቃሉን በሚያውቀው ቋንቋና በሚያውቀው ፊደል እንዲያገኘው ነው። ለእኛ ግን የቀረልን የጥቂት ደቂቃ ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለሚልኩ ሁሉ እንዲህ እንላለን። በዩኒኮድ ጻፉ፤ ኪማን የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ለዚህ ይበቃል። ጽሑፉን በኖትፓድ ስታስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ፤ አንሲ ከሆነ ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። ኢንተርኔት ካለ በኮምፒውተሩ ቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩትና በስልካችሁ ከፍታችሁ አንብቡት፤ ከሌለ በኬብል ወይም በብሉቱዝ አሻግሩት። በአጭር መልእክት የምትልኩ ከሆነ አንድ የአማርኛ መልእክት የሚይዘው ባዶ ቦታን ጨምሮ 70 ፊደል ብቻ ነው፤ ሲበልጥ እየተከፈለ ይሄዳል፣ ዋጋውም ይጨምራል። አንድ ጥቅስ ከነምዕራፉ፣ አንድ አጭር ጸሎት ይበቃል። ለሁሉም ከመላካችሁ በፊት ደግሞ በአሮጌ ስልክ ላይ ሞክሩት።

ከሁሉ በላይ ጠይቁ፦ «እማማ፣ ደረሰዎት? ተነበበልዎት?» ስልካቸው አማርኛ የማያሳይ ባለ ቁልፍ ስልክ ከሆነ ደውላችሁ አንብቡላቸው። በሀብሩ ገጠር የወንጌል አማኞች ጥቂቶች ናቸው፤ ከአንዱ ቤት እስከ ሌላው መንገዱ ሩቅ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የደረሰ አንድ ጥቅስ ለሳምንት ስንቅ ይሆናል፤ ያልደረሰው ደግሞ «ረስተውኛል» ያሰኛል።

ሐዋርያው ዮሐንስ የሚጽፈው ብዙ ነገር እያለው፣ በወረቀትና በቀለም ከመጨረስ ይልቅ ፊት ለፊት ሊነጋገር ተስፋ አደረገ (2ኛ ዮሐንስ 12)። ስልኩ የመጎብኘትን ቦታ አይወስድም። እግራችን እስኪደርስ ድረስ ግን ቃሉ ይድረስ፤ ሲደርስም ይነበብ።