ድመታችን ምን ትብላ?

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለውን ተረት የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። ተረቱ የተነገረው ስለ ሰው እንደሆነ ግልጽ ነው። ሆኖም ለምሳሌነት የተመረጠችውን እንስሳ ጉዳይ ከሥነ ሕይወት አንጻር ስንመረምረው ፍርዱ የተዛባ ሆኖ እናገኘዋለን። ድመት ሥጋን የማትተወው ዓመል ሆኖባት አይደለም፤ ጉበቷ፣ ዓይኗና ልቧ የተሠሩበት ሁኔታ ምርጫ ስለማይሰጣት ነው።

የፊዚክስ መምህር ስለ ድመት ምግብ ለመጻፍ ምን አነሳሳው የሚል ጥያቄ ከባልደረቦቻችን ጭምር እንደሚነሳ እናውቃለን። ምክንያቱ ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከቤታችን የመጣ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግቢ ካለው ቤት ለቅቀን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስንገባ ድመታችንንም ይዘናት ገባን። በቀድሞው ግቢ ምን እንደምትበላ አስበንበት አናውቅም ነበር። ከማዕድ የተረፈ ፍርፋሪ ይጣልላታል፣ የቀረውን ከጓሮና ከጣሪያ ሥር ራሷ ታሟላለች። አራተኛ ፎቅ ላይ ግን አይጥ የለም፤ በሩም ዝግ ነው። ስለዚህ ከአንድ ሱቅ ደረቅ የውሻ ምግብ ገዛን። ሻጩ «ለሁለቱም ይሆናል» አለን። እኛም ከረጢቱን ገልብጠን «ፕሮቲን 26 በመቶ» የሚለውን አነበብንና ረካን። ሁለት ዓመት ያህል ይህንኑ ከእንጀራ ፍርፋሪ ጋር ስንሰጣት ቆየን።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ድመታችን ከወንበር እግር ጋር ስትጋጭ ልጃችን አየቻት። «አባዬ፣ ድመቷ ሰክራለች እንዴ?» አለች። ሳቅን። በሳምንቱ ከሌላ ወንበር ጋር ተጋጨች፤ ያን ጊዜ አልሳቅንም። የእንስሳት ሐኪሙ በባትሪ ዓይኗን ሲያበራ ብሌኗ እንደሚጠበቀው አልጠበበም። የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ምንድን ነው የምትመግቧት?» ነገርነው። ልቧም ደካማ መሆኑን፣ ልቧ ግን ሊያገግም እንደሚችል፣ የዓይኗ ብርሃን ግን እንደማይመለስ አስረዳን።

ያ በከረጢቱ ላይ የሰፈረው አኃዝ ሐሰት ነበር ብለን አንከስስም። አኃዙ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱ ላልጠየቅነው ጥያቄ የተሰጠ መልስ መሆኑ ነው። በየዓመቱ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻችን «መሣሪያው ምን እንደሚለካ ሳታውቁ ንባቡን አትመኑ» እያልን የምናስተምር ሰዎች ይህን መሳታችን እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1827 ከበሬ ሐሞት ተለይቶ የተገኘ፣ ስሙንም ከላቲኑ የበሬ ስም የወሰደ፣ ድኝ ያለበት ትንሽ ሞለኪውል ነው። ብዙ እንስሳት ከሌሎች ድኝ አዘል አሚኖ አሲዶች በቂውን ያህል በሰውነታቸው ይሠሩታል። የድመት አካል ግን የመሥራት አቅሙ እጅግ አነስተኛ ሲሆን፣ በዚያ ላይ ሐሞቷን ለማዘጋጀት ያለማቋረጥ ታወጣዋለች። ገቢው የቀነሰ፣ ወጪው የማይቆም ሒሳብ ማለት ነው። ጉድለቱ የድመትን ረቲና እንደሚያጠፋ እ.ኤ.አ. በ1975 ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ፖል ፒዮንና ባልደረቦቻቸው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ ባደረጉት ጥናት፣ ልባቸው ተለጥጦ የሚሞቱ ድመቶች በደማቸው ያለው ታውሪን አነስተኛ መሆኑን፣ ታውሪን ሲጨመርላቸውም ልባቸው እንደሚያገግም አሳዩ። በእኛ አስተያየት የዚህ ጥናት ትልቁ ቁም ነገር እነዚያ ድመቶች ይመገቡ የነበረው በጊዜው ደረጃውን ያሟላ ተብሎ ይሸጥ የነበረ የፋብሪካ ምግብ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ አምራቾች የታውሪኑን መጠን ከፍ በማድረጋቸው በሽታው በእጅጉ ቀንሷል።

ታውሪን ከፕሮቲን ሰንሰለት ውስጥ የሚገባ አሚኖ አሲድ አይደለም፤ በሥጋ ውስጥ ለብቻው ተበትኖ ይገኛል። ስለሆነም የፕሮቲን መቶኛ ስለ ታውሪን አንዳች ነገር ሊነግረን አይችልም። ለውሻ የተዘጋጀ ምግብ ለድመት የማይበቃበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በተጨማሪም ድመት የካሮትን ቀለም ወደ ቫይታሚን ኤ መለወጥ አትችልም፤ ቫይታሚኑን ተዘጋጅቶ ከእንስሳት አካል ማግኘት አለባት። ጣፋጭ ነገር እንኳ አይጣፍጣትም፤ ጣፋጭን ከሚለዩት ሁለት ጂኖች አንዱ በድመት ዘር ውስጥ ከሥራ ውጭ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ታውቋል። ለድመት ኬክ የሚያቀርብ ሰው ቢኖር ራሱን ደስ እያሰኘ ነው።

ወደ ልኬቱ ጉዳይ እንመለስ፤ ከድመት አልፎ ሕፃናትን የነካ ታሪክ አለበትና። በምግብ ውስጥ ፕሮቲንን መለካት አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ዮሃን ኬልዳል የተባለ ዴንማርካዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1883 በኮፐንሃገን ካርልስበርግ ላቦራቶሪ አንድ ብልሃት አወጣ። ብልሃቱ ናይትሮጅንን መለካት ነው። ፕሮቲን በአማካይ 16 በመቶ ያህል ናይትሮጅን ስላለው፣ የተገኘውን ናይትሮጅን በ6.25 ማባዛት ፕሮቲኑን ይሰጣል ተብሎ ይታሰባል። ዘዴው ርካሽና አስተማማኝ ነው፤ የሚያስተማምነው ግን በናሙናው ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁሉ ከፕሮቲን የመጣ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው።

አሁን ሜላሚን የተባለውን የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ እንመልከት። ቀመሩ ሦስት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅንና ስድስት ናይትሮጅን ነው። ሞለኪውላዊ ክብደቱ 126 ሲሆን ከዚህ ውስጥ 84ቱ ናይትሮጅን ነው፤ ይህም ሁለት ሦስተኛ መሆኑ ነው። በ6.25 ስናባዛው 417 በመቶ «ፕሮቲን» እናገኛለን! ከመቶ ግራም ምግብ ውስጥ አንድ ግራም ሜላሚን የጨመረ አጭበርባሪ በወረቀት ላይ ከአራት ግራም በላይ ፕሮቲን ጨመረ ማለት ነው። ይህ የመማሪያ መጽሐፍ ስሌት ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 ሜኑ ፉድስ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ከ60 ሚሊዮን በላይ የውሻና የድመት ምግብ እሽጎችን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ። ከቻይና የመጣው የስንዴ ግሉተን በሜላሚን የተበረዘ ነበር። ሜላሚን ሳያኑሪክ አሲድ ከሚባል ሌላ ውሁድ ጋር ሲገናኝ በኩላሊት ውስጥ ክሪስታል ይሠራል፤ በዚህም ብዙ ድመቶችና ውሾች በኩላሊት ድክመት ሞቱ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ያው ማጭበርበሪያ በቻይና የሕፃናት ወተት ውስጥ ተገኘ። ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፤ ቢያንስ ስድስቱ ሞቱ። የድመቶቹን ሞት የሰሙ ሁሉ «ፕሮቲኑን የለካው መሣሪያ የለካው ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀው ቢሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ እስከ ዛሬ ያስጨንቀናል።

የታሸገ ምግብ ለሚገዙ አንባቢያን አንድ ሁለት ነገር እንበል። ቆርቆሮው «ፕሮቲን 10 በመቶ፣ ውኃ 78 በመቶ» ቢል፣ ከረጢቱ ደግሞ «ፕሮቲን 30 በመቶ፣ ውኃ 10 በመቶ» ቢል የትኛው ይበልጣል? ውኃውን እናውጣ። በቆርቆሮው ውስጥ ከ22 ግራም ደረቅ ነገር 10ሩ ፕሮቲን ነው፤ 45 በመቶ። በከረጢቱ ከ90 ግራም 30ው፤ 33 በመቶ። በአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ደንብ መሠረት ደግሞ «ከቱና ጋር» የሚል ጽሑፍ የሚጠይቀው 3 በመቶ ቱና ብቻ ነው። ስለሆነም ከሥዕሉና ከስሙ ይልቅ በትንንሽ ፊደላት የተጻፈውን፣ ምግቡ «ለድመት የተሟላና የተመጣጠነ» መሆኑን የሚገልጸውን ዓረፍተ ነገር መፈለግ ይበጃል። ይህን ያላነበበ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከላይ ነግረናል።

ከባዱ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ይህን ጉዳይ በክፍል ውስጥ ባነሳንበት ጊዜ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ሰው የሚበላው ባጣበት ሀገር ስለ ድመት ምግብ ጥራት ማውራት ነውር አይደለም?» አለን። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እኛ ትምህርታችንን በተከታተልንበት በውጭ ሀገር ከተማ ሱፐርማርኬቶች ውስጥ ለድመት ምግብ ብቻ የተያዘ ረጅም መደርደሪያ አይተን እኛም ያንኑ ጠይቀን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ግሬጎሪ ኦኪን የተባሉ የሎስ አንጀለስ ተመራማሪ ባሳተሙት ስሌት መሠረት፣ የአሜሪካ ውሾችና ድመቶች የእንስሳት ርባታ በአካባቢ ላይ ከሚያስከትለው ተጽዕኖ ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ድርሻ አላቸው። የዓሣው ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታይላንድ የባሕር ምግብ ንግድ ውስጥ በግዳጅ የሚሠሩ ሰዎች መኖራቸው በሰፊው ሲጋለጥ፣ ትንንሾቹ ዓሣዎች ከሚደርሱባቸው ቦታዎች አንዱ የድመት ቆርቆሮ መሆኑ ታወቀ። ኔስሌ ራሱ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ይህ መኖሩን በይፋ አምኗል። ድመት ሰው የሚበላውን ምርጥ ሥጋ ትብላ የሚለው አዲስ ፋሽን በእኛ እምነት ከቅንጦት በላይ ነው፤ የሰውን ድርሻ መሻማት ነው።

ሆኖም ለተማሪያችን የሰጠነው መልስ ይህ አልነበረም። ድመት ሙዳ ሥጋ አትፈልግም። አንዲት 4 ኪሎ ግራም የምትመዝን ድመት በእረፍት ላይ ሆና በቀን የሚያስፈልጋት ኃይል 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው፤ አንዲት ትንሽ የቤት አይጥ 30 ያህል ትሰጣለች። ድመት አይጧን ስትበላ ደግሞ የምትበላው ጭኗን መርጣ ሳይሆን ልቧን፣ ጉበቷን፣ አጥንቷን ጨምራ ነው። በየልኳንዳው ለሰው ማዕድ እምብዛም የማይፈለገው ሳንባ፣ ጣፊያ፣ አልፎ አልፎም ልብ ለእርሷ ከፊሌቶ የሚተካከል ምግብ ነው፤ በተለይ ልብ በታውሪን የበለጸገ ነው። ጉበት ግን በመጠኑ ይሁን፤ በየቀኑ ከበዛ ቫይታሚን ኤ ተከማችቶ የአንገት አጥንቷን ያጣብቃል። ሥጋ ካልሲየም ስለሌለው የእንቁላል ቅርፊት በደንብ ፈጭቶ በጥቂቱ መጨመር ያስፈልጋል፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይወስን።

ጥሬውን ወይስ አብስለን? እኛ አብስለን እንላለን። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተውሳክ ከጥሬ ሥጋ ወደ ድመት፣ ከድመት ዓይነ ምድር ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ለነፍሰ ጡር ሴት ትልቅ ሥጋት ነው። ነገር ግን ታውሪን በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ ሥጋው ሲቀቀል ከፊሉ ወደ መረቁ ይወጣል። መረቁን መድፋት ታውሪኑን መድፋት ነውና አብሮ ይሰጣት። መረቁ ሽንኩርት የሌለበት መሆን አለበት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ መብሰልም ጉዳታቸውን አያስቀርም። የወጣችን መሠረት ሽንኩርት መሆኑን ስናስብ «ወጥ የነካው እንጀራ» ስንቷን ድመት እንዳደከመ መገመት አያዳግትም። ወተትም ለብዙዎቹ ጎልማሳ ድመቶች ተቅማጥ ነው።

ስለ ጾም ሳናነሳ ብናልፍ ቅር የሚለን ይኖራል። በብዙ ቤቶቻችን ለምእመናን የሚታዘዙት የጾም ቀናት በዓመት 180 ያህል ናቸው፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከቤት ሥጋ አይገባም፤ ድመቲቱም ሽሮ ላይ ትቀመጣለች። ጾም ሰው በፈቃዱ የሚገባበት ነገር ነው። ድመት ግቢ ሳላት ፈቃዷን በጓሮ ታስከብር ነበር፤ ፎቅ ላይ ዘግተን ስናስቀምጣት ግን ጓሮዋም፣ ጣሪያዋም፣ አይጧም እኛ ሆነናል። በአውሮፓና በአሜሪካ ከዕፅዋት ብቻ የድመት ምግብ የሚያዘጋጁ አምራቾች መኖራቸውን እናውቃለን። በፋብሪካ የሚጨመረው ታውሪን ራሱ በኬሚካዊ መንገድ የሚሠራ ስለሆነ ሐሳቡ በመርህ ደረጃ የማይቻል አይደለም። ነገር ግን ያ የላቦራቶሪ ሥራ እንጂ የሽሮ ድስት አይደለም።

እናታችን እስከ ዛሬ «የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም» ይላሉ። አክብረናቸው እንሰማለን፤ ሆኖም ድመትን ለአደን የሚያነሳሳት ረሃብ ብቻ አለመሆኑ፣ የጠገበችም እንደምታድን በሙከራ ታይቷል። ይልቅስ አይጥን በመርዝ የሚያጠፋ ጎረቤት ካለ፣ መርዙን የበላችውን አይጥ የያዘች ድመት አብራ ልትሞት ትችላለች።

አሁን በየቅዳሜው ከሰፈራችን ልኳንዳ ጣፊያና ልብ እንገዛለን። ባለ ልኳንዳው መጀመሪያ ላይ ለዱለት መስሎት ነበር፤ ለድመት መሆኑን ሲሰማ «እርስዎ መምህር አይደሉም እንዴ?» ብሎ በትዝብት ተመለከተን። የድመታችን ልብ ተሻሽሏል። ሳህኗን አሁን የምታገኘው በሽታ ነው፤ ወንበሮቹንም ከቦታቸው እንዳናንቀሳቅስ ልጃችን አዝዛናለች።