ውጤት ያለ ታካሚው አይነበብም

በየሆስፒታሉ ኮሪደር አዘውትሮ ከሚሰማው ቃል አንዱ «ኖርማል ነው» የሚለው ነው። አስታማሚው የላብራቶሪ ወረቀት ይዞ ይሮጣል፤ ነርሷ ትቀበለዋለች፤ ከቁጥሩ ጎን የመጨመር ወይም የመቀነስ ምልክት ካላየች «ኖርማል ነው» ብላ ካርዱ ውስጥ ታስገባዋለች። ምልክት ካለ ሐኪም ይጠራል። በዚህ አሠራር ነርሷ ወረቀት አቀባይ ሆና ቀርታለች። እኔ በነርስነት ሥራዬ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ውጤቱ ከታካሚው ጋር መግጠም አለመግጠሙን ከማንም ቀድማ ልታውቅ የምትችለው አልጋው አጠገብ ያለችው ነርስ ናት።

አንድ ሌሊት ተረኛ ሆነን ሳለ የአንዲት እናት የፖታሲየም ውጤት 7.8 ተብሎ መጣ። ጤናማው መጠን በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ገደማ ነው፤ 7.8 እውነት ከሆነ ልብ ሊያቆም ይችላል። ተረኛው ሐኪም ፖታሲየሙን ለማውረድ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ሊያዝ ነበር። አብራኝ የነበረችው ነርስ የሴትየዋን እጅ ይዛ «እማማ፣ ልብዎ ላይ የሚሰማዎት ነገር አለ?» አለቻቸው። «ምንም የለኝ፣ ልጄ» አሉ። የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ተነሱ፤ ደህና ነው። ወረቀቱን ደግማ አየችና «ዶክተር፣ ካልሲየማቸውም እኮ ከልክ በላይ ወርዷል። ደሙ በየትኛው ቲዩብ ነው የተቀዳው?» ስትል ጠየቀች።

ሲጣራ ነገሩ ተገኘ። ቀይ ክዳን ያለው ቲዩብ ውስጥ የገባው ደም ስላነሰ፣ ናሙናውን የወሰደው ልጅ ከሐምራዊው ክዳን ቲዩብ ጨምሮበታል። ሐምራዊው ቲዩብ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ጨው አለው፤ በዚህ ጨው ውስጥ ደግሞ ፖታሲየም አለ፤ ካልሲየምንም ይዞ ያስቀረዋል። ደሙ እንደገና ተቀድቶ ሲላክ ፖታሲየሙ 4.2 ሆነ። ያ ኢንሱሊን ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ጤናማ የነበረው ፖታሲየማቸው ከልክ በታች ይወርድ፣ ስኳራቸውም አብሮ ሊወድቅ ይችል ነበር።

ብዙ ጊዜ ውጤት የሚበላሸው ደሙ ማሽኑ ጋ ሳይደርስ ነው። ግሉኮስ ከተሰካበት ክንድ ደም ከተቀዳ ስኳሩ ሰማይ ይነካል። የተቀዳው ደም ሳይለይ ጠረጴዛ ላይ ከቆየ የደም ሴሎቹ ስኳሩን እየተጠቀሙበት በየሰዓቱ ከመቶ ከ5 እስከ 7 እጅ ያህል ይቀንሳል። ክንዱ ጠብቆ ታስሮ ታካሚው ጡጫውን ደጋግሞ ከጨበጠ ፖታሲየም ከፍ ይላል። ይህን ሁሉ ወረቀቱ አይናገርም። የሚያውቀው ሰው ክፍሉ ውስጥ የነበረው ነው።

«ኖርማል» የሚለው ቃልም ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጤናማ መጠን ወሰን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከመቶ ጤነኛ ሰዎች የ95ቱን ውጤት በመያዝ ነው። ስለዚህ ከ20 ጤነኞች አንዱ ምንም ሳይሆን ከወሰኑ ውጭ ይወጣል። በተቃራኒው ውጤቱ ወሰኑ ውስጥ ሆኖ ሰውየው ሊታመም ይችላል። ትናንት ክሪያቲኒኑ (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ልኬት) 0.6 የነበረ ታካሚ ዛሬ 1.1 ቢሆን ወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት አይታይም። ነገር ግን በእጥፍ ሊጨምር ጥቂት ነው የቀረው፤ በ48 ሰዓት ውስጥ 0.3 መጨመሩ ብቻ በዓለም አቀፍ መመሪያ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ነው። በዚያው ሌሊት የሽንቱን ከረጢት ለክታ መቀነሱን የመዘገበችው ነርስ ሁለቱን ካላገናኘች ማን ያገናኛቸዋል?

ወሰኑ ከማን ደም እንደተወሰደም ልብ ማለት ይገባል። በርካታ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን፣ በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያንም ጭምር፣ ኒውትሮፊል የሚባለው የነጭ ደም ሴላቸው በአውሮፓውያን ደም ላይ ተመሥርቶ ከወጣው ወሰን በታች ነው። የዘር ውርስ እንጂ በሽታ አይደለም። ይህን የማታውቅ ነርስ አንድን ጤነኛ ሰው በፍርሃት ታስጨንቀዋለች፤ የምታውቅ ግን የቀድሞ ውጤቱ እንዴት እንደነበር ትጠይቀዋለች።

በአገራችን ውጤትን ያለ ታካሚው የማንበብ ችግር ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በታይፎይድ ምርመራ ነው። ትኩሳት ወይም ድካም ያለው ሰው ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» ሲል እንሰማለን። በአብዛኛው የሚሠራው የዊዳል ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1896 የተዋወቀ ነው። የሚያሳየው ተህዋሲውን አይደለም፤ ሰውነታችን የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ድሮ ታሞ የዳነ፣ ክትባት የወሰደ፣ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ሰውም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በሽታው በሚበዛበት አገር አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል ብዙ አያስተማምንም፤ የተሻለው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የሚወሰድ የደም ካልቸር ነው። ነርሷ መድኃኒቱን ከመስጠቷ በፊት «ካልቸር ተወስዷል ወይ?» ብላ ብትጠይቅ ስንት ሰው ከማያስፈልገው አንቲባዮቲክ ይድን ነበር!

ምርመራ ማዘዝና የመጨረሻውን የሕክምና ውሳኔ መስጠት የሐኪም ድርሻ ነው፤ ይህን አልከራከርም። ነገር ግን «ይህ ቁጥር ከታካሚዬ ጋር አይገጥምም» የምትል ነርስ ልትደመጥ ይገባል። ይህን እንድትል ደግሞ ማስተማር አለብን። ተማሪዎቻችን የጤናማ መጠኖችን ሠንጠረዥ በቃላቸው ሸምድደው ይወጣሉ፤ ሠንጠረዡን ከታካሚው ጎን ቆመው እንዲያነቡ የሚያሠለጥናቸው ግን ጥቂት ነው። ታካሚዎችና አስታማሚዎችም «ኖርማል ነው» ሲባሉ «ካለፈው ጋር ሲነጻጸርስ?» ብለው መጠየቅ መብታቸው ነው።

ለዚህ አዲስ ማሽን መግዛት አያስፈልግም። በየተረኛ ርክክቡ የዛሬውን ውጤት ከትናንቱ ጎን አስቀምጦ፣ ደሙ እንዴት እንደተቀዳና ታካሚው ምን እንደሚሰማው ለአምስት ደቂቃ መነጋገር ይበቃል። የየክፍሉ ኃላፊ ነርሶች ይህን ከነገ ጠዋቱ ርክክብ መጀመር ይችላሉ።