በካርቶን ላይ የተጻፈ ኃይል

በወላይታ ሶዶ ገበያ፣ እንደ አዲስ አበባው መርካቶ ሁሉ፣ ለሳሎኑ የሚሆን የሙዚቃ መሣሪያ ሊገዛ የገባ ሰው አስቀድሞ የሚያየው መሣሪያውን ሳይሆን ካርቶኑን ነው፤ በካርቶኑም ላይ አሥር ሺህ ዋት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ፣ በደማቅ ቀለም ተጽፎ፣ ከጎኑም ፒ ኤም ፒ ኦ የሚሉ ፊደላት ደቅቀው ተቀምጠው ሲያገኝ፣ ይህን ያህል ኃይል ቤቱ ሊገባ መሆኑን አስቦ ልቡ ይሞላል። ያው መሣሪያ ግን ዞር ተደርጎ ጀርባው ሲታይ፣ ከገመዱ አጠገብ በተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ላይ ከግድግዳው የሚወስደው ስድሳ ወይም ሰማንያ ዋት ብቻ መሆኑን ራሱ ይናዘዛል። ለቅጽበት ያህል አጠራቅሞ ከሚለቀው በቀር፣ ከተቀበለው አብልጦ የሚሰጥ መሣሪያ በፍጥረት ሕግ ከቶ ስለሌለ፣ የካርቶኑ ቁጥር የንግድ ዝማሬ እንጂ ልኬት አይደለም።

የዚህ ጸሐፊ አሳብ ይህ ነው፤ የሶዶ ሰው አምፕሊፋየር ሲመርጥ የዋቱን ብዛት ትቶ የመብራቱ መስመር ሲዋዥቅ ጸንቶ የሚሠራውን ይፈልግ፤ በአሐዝ የተቀረጸውን ድምፅ ወደ ሞገድ ለሚመልሰው፣ ዳክ ለሚባለው ዕቃ ደግሞ ከገንዘቡ እጅግ ጥቂቱን ብቻ ይመድብ፤ የቀረውን ለስፒከሩ ያውለው።

ስለ ኃይሉ መጠን ብዙ ሐተታ አያሻም። መካከለኛ የቤት ስፒከር አንድ ዋት ብቻ ሲሰጡት በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ከ85 እስከ 90 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅ ያወጣል፤ ሰዎች ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ድምፃቸው 60 ዴሲቤል ገደማ መሆኑን ላስተዋለ፣ አንድ ዋት የሚናቅ አይደለም። ኃይሉ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ጆሮም እጥፍ ሆነ ብሎ እንዲፈርድ ዐሥር እጥፍ ኃይል ስለሚጠይቅ፣ በ50 ዋትና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት በኪስ ብዙ፣ በጆሮ ግን ጥቂት ነው። እርግጥ ነው፣ በማኅሌት ቅጂ ውስጥ መሪጌታው ዜማውን በለሆሳስ አንሥቶ ቆይቶ ከበሮው በድንገት ሲመታ፣ ወይም የጎረቤታችን የዳውሮ ረጅሙ ዲንካ ከታችኛው ድምፁ ሲያጓራ፣ ለዚያች ቅጽበት ብቻ ብዙ ኃይል ይፈለጋል፤ ቢሆንም በያንዳንዱ ጎን እውነተኛ ሠላሳ ወይም ኀምሳ ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ለማንኛውም ሳሎን ይበቃል። ሞንታርቦ የሚባለው ግዙፍ የድምፅ ማጉያ ለሠርግ ድንኳንና ለጊፋታ በዓል አደባባይ የተሠራ ነው፤ በአራት ሜትር ክፍል ውስጥ የሚተክለውን ሰው ጎረቤቶቹ በጸሎታቸው ሳያስቡት አይቀሩም።

የነገሩ ዋና ግን መብራቱ ነው። በኦሞ ወንዝ ላይ፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል፣ 1870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ጊቤ 3 ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ተመርቆ ቢቆምም፣ ከግድቡ እስከ ሳሎኑ ያለው መንገድ በምሰሶ፣ በትራንስፎርመርና በስስ ሽቦ የሚያልፍ በመሆኑ፣ ምሽት ላይ የሰፈሩ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲጣድ አምፑሉ ሲደበዝዝ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ከልኩ በላይ ሲዘል የማያውቅ የለም። እንግዲህ አባቶቻችን የሚያምኑበት፣ አምፕሊፋየር በክብደቱ ይመዘናል የሚለው ብሂል፣ በሌላ አገር ቢያስኬድም በእኛ መስመር ላይ ይሰናከላል፤ ምክንያቱም ያ ከባድ ብረት ለ220 ቮልት የተጠመጠመ ትራንስፎርመር በመሆኑ፣ መስመሩ ወደ 170 ሲወርድ በውስጡ ያለው ኃይል አብሮ ይወርድና፣ ከበሮው በሚመታበት ቅጽበት ድምፁ ይሰነጠቃል። ቀላሉና ብዙ ሰው የሚንቀው፣ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት፣ ክላስ ዲ የሚባለው ዐይነት ግን፣ የመስመሩን መውረድ ራሱ እያስተካከለ ሥራውን ይቀጥላል፤ ከሚቀበለው ኃይል ከመቶ ዘጠና ያህሉን እስከ ስፒከሩ ስለሚያደርስም፣ በገጠር ቀበሌዎች በፀሐይ ብርሃንና በባትሪ ለሚኖረው ቤተሰብ ከዚህ የሚሻል አይገኝም። ከልክ በላይ ለሚዘለው ቮልት ግን እሱም ቢሆን መከታ ስለሚሻ፣ ስታብላይዘር ሳይገዙ አምፕሊፋየር መግዛት ግማሽ ግዢ ነው፤ ተራ ዲቫይደር ይህን ሥራ አይሠራም።

በዚህ አጋጣሚ ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ዕቃ ጉዳይ ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። የዚያ አገር መስመር 120 ቮልት፣ የጃፓን ደግሞ 100 ቮልት በመሆኑ፣ ጀርባው ሳይነበብ በቀጥታ የተሰካ ስንት ያማረ መሣሪያ በመጀመሪያው ምሽት ጭስ ሆኗል!

ወደ ዳኩ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የወጣው ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ፣ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ይጽፋል፤ ይህም የሰው ጆሮ ከሚሰማው የመጨረሻ ቀጭን ድምፅ፣ ከ20,000 ኸርዝ፣ በላይ ያለውን እንኳ ለመያዝና 96 ዴሲቤል ያህል የዝምታና የጩኸት ስፋት ለመስጠት ይበቃል። ዛሬ ይህን አሐዝ አንብቦ ወደ ሞገድ የሚመልስ ቺፕ በስልኩ፣ በላፕቶፑና በቴሌቪዥኑ ውስጥ አስቀድሞ ይገኛል፤ ስለዚህም ከአምፕሊፋየሩ የሚበልጥ ዋጋ ጠይቆ የተለየ ዳክ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ገዢው ያለውን ነገር መልሶ ይሸጥለታል። የእኛ ቤተ መዛግብት ምን እንደ ሆነ ደግሞ እናስብ፤ አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ካሳተማቸው ሸክላዎች በኋላ ለረጅም ዘመን የኢትዮጵያ ዘፈንና መዝሙር የተላለፈው በካሴት ሲሆን፣ ካሴት ከነሹክሹክታው የሲዲን ስፋት አጋማሽ ያህል ብቻ የሚይዝ ነው፤ ያም ካሴት ተገልብጦ፣ በኤምፒስሪ ተጨምቆ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደርሷል። ከብራናው የተፋቀውን ቃል አንባቢው ድምፁ ምንም ቢያምር ሊያነበው አይችልም።

ዳክ የሚያስፈልግበት ጊዜ ፈጽሞ የለም ማለቴ ግን አይደለም። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሌለው ስልክ የያዘ ሰው አነስተኛውን የገመድ ዳክ ይግዛ፤ ላፕቶፑ ቻርጅ በሚደረግበት ጊዜ ስፒከሩ እንደ ንብ የሚያዜምበትም፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ አርዝ ካለመታሰሩ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ በብርሃን ገመድ የሚቀበል ዳክ ሁለቱን መሣሪያዎች ከኤሌክትሪክ ንክኪ ለይቶ ዜማውን ዝም ያሰኝለታል። ከዚህ የተረፈው ገንዘብ ለስፒከሩ፣ ከስፒከሩም የተረፈ ቢኖር ለኮርኒስ፣ ለመጋረጃና ለምንጣፍ ይሁን፤ ቆርቆሮውና የሲሚንቶ ግድግዳው ባዶውን ሲቀር ድምፁን እየመለሱ ያምሱታልና።

በሱቅ ውስጥ ሲያዳምጡም የነጋዴውን ሙዚቃ ሳይሆን የራስን ይዞ መሄድ ይሻላል፤ ጸናጽል ጥርት ብሎ የሚሰማበትን ወረብ፣ ወይም በልቡና የሚያውቁትን የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ቅጂ። ሁለት አምፕሊፋየሮች ሲወዳደሩ የድምፃቸው ከፍታ እኩል እንዲሆን አጥብቆ መጠየቅ ያሻል፤ ጆሮ ከፍ ያለውን ሁሉ የተሻለ ነው እያለ እንደሚፈርድ ነጋዴው ከገዢው አስቀድሞ ያውቃል።

ገዢውን ብቻ መምከር ግን ሸክሙን በደካማው ትከሻ ላይ መጣል ይሆናል። በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ደንብ፣ የአምፕሊፋየር ሻጭ ኃይሉን በማስታወቂያ ሲናገር ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ዋት፣ በስንት ኦም ስፒከር፣ ከየትኛው እስከ የትኛው ድምፅና በምን ያህል መዛባት እንደ ሆነ አብሮ እንዲገልጽ አስገድዶታል፤ ያን ጊዜ እዚያም ገበያው በሐሰተኛ ቁጥር ተጥለቅልቆ ነበር። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትና የንግድ ቢሮዎች ተመሳሳይ ግዴታ በአስመጪው ላይ ቢጥሉ የሚጠይቀው ወጪ አንድ መስመር የአማርኛ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ እሱም በመሣሪያው ጀርባ ሳይሆን በካርቶኑ ፊት፣ አሥር ሺህ ዋት በሚለው ቦታ ላይ ይታተም።