ወንፊት መግዛት ብቻውን ማጣራት አይደለም

ሾላ ገበያ ወንፊት የሚሸጥ ነጋዴ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ቀዳዳው የደቀቀ ወንፊት ዱቄቱን አልሞ ያወጣል፣ ሥራው ግን ይጓተታል። ስስ ወንፊት ቶሎ ይነፋል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ከተቀደደ በኋላ ደግሞ ገለባውም ዱቄቱም አብረው ይወርዳሉ። ይህን እውነት የፍሳሽ ማጣሪያ ጨረታ የሚያወጡ ባለሥልጣናት ሲዘነጉት ዋጋውን የሚከፍለው ሸማቹ ነው።

እዚያው ገበያ ቆስጣና ሰላጣ የምትገዛ እናት አትክልቱ ምን ውሃ ጠጥቶ እንዳደገ የምታውቅበት መንገድ የላትም። የአዲስ አበባ ወንዞች የከተማዋን ፍሳሽ ተሸክመው በትንሹና በትልቁ አቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በመንገዳቸው ላይ አትክልት ይለማባቸዋል። አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማዋ ገበያ ይገባል። ከ2011 ጀምሮ የወንዝ ዳርቻዎች ተውበዋል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ዳርቻው እንጂ ውሃው በሣርና በአበባ አይጸዳም።

በዓለም ባንክ ድጋፍ የተስፋፋው የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተሠርቷል። ሥራው በባክቴሪያ ነው። ለጋራ መኖሪያ መንደሮች ከተተከሉት አነስተኛ ጣቢያዎች መካከል ግን ሜምብሬን የሚጠቀሙ አሉ። ሜምብሬን ማለት ከፖሊመር፣ ማለትም ከፕላስቲክ ቤተሰብ የሚሠራ፣ ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ከ0.4 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ወንፊት ነው። አብዛኛው ባክቴሪያ ከዚያ ስለሚተልቅ አያልፍም። ቦታም ይቆጥባል። መሬት በካሬ በሚቆጠርበት ከተማ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ችግሩ ያለው ወንፊት ሻጩ በሚያውቀው ሕግ ውስጥ ነው። ፖሊመሩ ቀዳዳው ሲበዛ ውሃ በፍጥነት ያሳልፋል፣ ጥንካሬው ግን ይቀንሳል። ሲወፍር ይጠነክራል፣ ውሃው ግን ይንቀራፈፋል፤ ለመሳብ የሚወጣው ኤሌክትሪክም ይጨምራል። በዚያ ላይ ቆሻሻ ይለጠፍበታል። ቆሻሻውን ለማራገፍ ከሥር ያለማቋረጥ አየር ይነፋበታል፣ በየጊዜውም በበረኪና ይታጠባል። ጥሩ ልብስ በበረኪና ብዛት እንደሚበላ ሁሉ ፖሊመሩም ከዓመት ዓመት እየደከመ ይሄዳል። ከሺህ ቀጫጭን ቱቦዎች ጥቂቶቹ ሲበጠሱ ያልተጣራ ፍሳሽ ከተጣራው ጋር ይቀላቀላል። በዓይን ሲታይ ግን ውሃው አሁንም ንጹሕ ሊመስል ይችላል።

እንግዲህ ጨረታ በመነሻ ዋጋና በቀን በሚያሳልፈው ውሃ መጠን ብቻ ሲወሰን ምን ይከተላል? በምረቃው ዕለት ሪባን ይቆረጣል፣ ውሃው በብርጭቆ ይታያል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዓመታት በኋላ መተኪያው በውጭ ምንዛሪ ሲጠየቅ በጀቱ የለም። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለመተኪያ በብር የተያዘ በጀት ካለም በዚያው ግማሽ ሆነ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አየሩ ይቆማል፣ ቆሻሻው ይጋገራል።

«ታዲያ ይቅርብን፣ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። ጥፋቱ የሜምብሬኑ ሳይሆን ያለ ዕድሜ ልክ ሒሳብ መግዛቱ ነው። ውሉ የመበጠስ ጥንካሬን፣ የበረኪና መቋቋሚያ ልክን፣ የመተኪያ ዋስትናንና መጠባበቂያ ጄኔሬተርን በቁጥር ማስፈር አለበት። ይህን ሁሉ መሸከም የማይችል ጣቢያ ቀለል ያለውን ዘዴ ቢመርጥ ይሻላል። ፋብሪካዎችም የሟሟ ክሮምና ሌሎች ብረቶችን በየግቢያቸው ያስቀሩ፤ ይህ ሜምብሬን እነዚህን አይዝም።

ከሁሉ በላይ ከየጣቢያው የሚወጣው ውሃ የምርመራ ውጤት በየወሩ ለሕዝብ ይለጠፍ። የሾላ ሸማች ወንፊት ስትገዛ ወደ ብርሃን አንሥታ ቀዳዳውን ታያለች። ከተማዋ በግብሯ የገዛችላትን ወንፊትም እንዲሁ የማየት መብት አላት።