ልዩ ልዩ ወጪ

ተዋናዩ መድረክ ላይ ቆሞ ከኮቱ ኪስ ነጭ ፖስታ ሲያወጣ አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። «እኔም እንደ አቅሜ 10 ሺህ ብር» አለ፤ ድምፁ ትንሽ ተሰበረ። ከፊት የተቀመጡት እናቶች ብድግ ብለው መረቁት። አንዲት እናትማ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። መድረክ መሪው «የማኅበራችን የክብር አምባሳደር!» ብሎ ሪባን አጠለቀለት። እኔና ገንዘብ ያዣችን በኋላ በር በኩል ቆመን ተያየን። የዚያኑ ዕለት ጠዋት 60 ሺህ ብር ቆጥረን ለማናጀሩ ያስረከብነው እኛ ነን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በሰፈራችን ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን የሚያበላ ትንሽ ማኅበር አለ፤ ያኔ ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ገቢ ማሰባሰቢያው ሰው እንዲስብ «የሚታወቅ ፊት» ያስፈልጋል ተባለና ማናጀሩ ጋ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ለድርጅት ስንሆን ዋጋችን ሌላ ነው። የእናንተ የነፍስ ሥራ ስለሆነ ግን በግማሽ እናድርግላችሁ» አለኝ። የነፍስ ሥራ በግማሽ ዋጋ። እኔም አመስግኜ ዘጋሁ።

ከዚያ በኋላ ለወራት ሰውየው በቴሌቪዥን ብቅ ባለ ቁጥር ጣቢያ እቀይር ነበር። አሁን ሳስበው የንዴቴ ግማሹ አግባብ አልነበረም። ያን ቀን ለአዳራሹ ከፍለናል። ለሳውንድ ሲስተሙ ከፍለናል። ወንበር አከራዩ አምስት ሳንቲም አልቀነሰልንም፤ ማንም ግን «ለአረጋውያን ሆኖ ሳለ እንዴት ታስከፍላለህ?» ብሎ አላፋጠጠውም። በነጻ እንዲመጣ የምንፈልገው አርቲስቱን ብቻ ነው። ዛሬ የኛ ኮሚቴ፣ ነገ የትምህርት ቤት፣ ከነገ ወዲያ የቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ፤ እምቢ ካለ ደግሞ «ዝና አናቱ ላይ ወጣ» ይባላል። የታወቀ ሁሉ ያለው ይመስለናል። ስንት አንጋፋ ድምፃዊና ተዋናይ ሲታመም ነው የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ በስክሪን የተለጠፈው? ጉልበት በነበራቸው ጊዜ በምስጋና ወረቀት እየተሸኙ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ፊቱን የሚያከራይ ሰው ኪራዩን ቢጠይቅ ነውር አልለውም። ሥራው ነው።

የቆረቆረኝ ምርቃቱ ነው። እነዚያ እናቶች የመረቁት ደሞዝተኛ አይደለም፤ ደግ ሰው ነው። ከመቀነታቸው 20 ብር ፈትተው የሰጡ ሴቶች፣ 60 ሺህ ተቀብሎ 10 ሺህ ለመለሰ ሰው አለቀሱለት። ሒሳቡን ቢያውቁ ምናልባት ያጨበጭቡለት ነበር፤ እንባ ግን አያወጡም። ክፍያውን የወሰደ ምርቃቱን ይተው፣ ምርቃቱን የፈለገ ክፍያውን ይተው። ሁለቱንም መሰብሰብ ላንድ ሥራ ሁለቴ መከፈል ነው፤ ሁለተኛውን የሚከፍሉት ደግሞ ሳያውቁ የሚከፍሉት ናቸው።

የተባበሩት መንግሥታት ይህን ጣጣ አስቦበታል። ዩኒሴፍ አሜሪካዊውን ኮሜዲያን ዳኒ ኬይን እ.ኤ.አ. በ1954 የመጀመሪያው አምባሳደሩ አድርጎ ከሾመ በኋላ ብዙዎች ተከትለዋል። ተዋናይቷ ኦድሪ ሄፕበርን እ.ኤ.አ. በ1988 እስከ መቀሌ መጥታ በሕፃናት ማሳደጊያ ያሉ ልጆችን አቅፋለች። የኛዋ ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና የሕፃናት ጤና አምባሳደር ሆናለች። የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ደመወዝ የለውም ይላል፤ ቢበዛ በዓመት 1 ዶላር፣ እሷም ለምልክት ያህል ናት። የጉዞ ወጪ ግን ሊሸፈን ይችላል። ያቺን አንድ ዶላር እወዳታለሁ። ማን ምን እንደወሰደ ጠያቂ ሳይመጣ በፊት ትመልሳለች።

ነገር ግን የሆሊውድ ኮከብ በአንድ ዶላር ማገልገል የሚችለው ሌላ ቦታ በሚሊዮን ስለሚከፈለው ነው። ጆርጅ ክሉኒ በኔስፕሬሶ ቡና ማስታወቂያ ከሚያገኘው አብዛኛውን፣ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን ድንበር ላይ የሚሆነውን ለሚከታተል ሳተላይት እንደሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ተናግሯል። ከቡና ሻጩ ተቀብሎ ለጉዳዩ ያውለዋል። የኛው ሰው የወሰደው ግን ከአረጋውያኑ ድስት ነው። የአዲስ አበባን ተዋናይ ከክሉኒ ጋር ማወዳደር ፍትሕ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ገንዘቡ ከየት ወደ የት እንደሄደ ማየት ደግ ነው።

በኛ ዘንድ ነገሩን ያወሳሰበው ደግሞ ቃሉ ራሱ ነው። የሪል ስቴት አምባሳደር አለ። የሳሙና አምባሳደር አለ። የዳይፐር፣ የብስኩት፣ የቀለም አምባሳደር አለ። በዚያው ሳምንት ያው ፊት በዚያው ፈገግታ የኩላሊት ሕሙማን አምባሳደር ሆኖ ይመጣል። ተመልካቹ የትኛው ውል እንደሆነ፣ የትኛው ስጦታ እንደሆነ በምን ይለይ? ተዋናይቷ ስካርሌት ጆሃንሰን ላይ የደረሰውም ይኸው የሁለት አምባሳደርነት ግጭት ነው። ለዓመታት የእርዳታ ድርጅቱ የኦክስፋም አምባሳደር ሆና ስትሠራ ቆይታ፣ በዌስት ባንክ የእስራኤል ሰፈራ ውስጥ ፋብሪካ የነበረው የሶዳ ማሽን አምራች ሶዳስትሪም ማስታወቂያ አሠራት። ኦክስፋም ከሰፈራዎቹ ጋር የሚደረግ ንግድን ይቃወማል። እ.ኤ.አ. ጥር 2014 ኦክስፋምን ለቀቀች፤ የሶዳው ውል ቀጠለ።

ደግሞስ ፊቱ የተከፈለበትን ያህል ይሠራል? በዚያው ዓመት የታተመ የብሪታንያ ጥናት፣ ከተጠየቁት አብዛኞቹ የትኛው ዝነኛ ለየትኛው ድርጅት እንደሚቆም መናገር እንዳልቻሉ ያሳያል። እኛ አዳራሽ ውስጥም ከወጣቶቹ ብዙዎቹ ከተዋናዩ ጋር ሰልፊ ተነሥተው የቃል መግቢያው ሰዓት ሳይደርስ ውልቅ አሉ። የቀሩት እነዚያው ባለ መቀነቶቹ ናቸው።

በሕግ ከሄድን አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ ማስታወቂያም የሚቆጠረው ከአስተዳደር ወጪ ነው። የአምባሳደር ክፍያ ታዲያ የት ይገባል? ማስታወቂያ ከተባለ ከ20ው ላይ ይነሣል። «የግንዛቤ ማስጨበጫ» ከተባለ ግን ፕሮግራም መስሎ ከ80ው ጋር ይቀላቀላል። ስም የሚያወጣው ሒሳብ ሠሪው ነው። ባነር ላይ የውሃ ፋብሪካውን አርማ አትመን «ስፖንሰር» ማለት ካላሳፈረን፣ ከተዋናዩ ፎቶ ሥር «በክፍያ» የምትል አንዲት ቃል መጨመር ምን ይከብዳል? እሱም ቀና ብሎ ሥራውን ሠርቶ ይሄዳል፤ ፖስታም ድራማም አያስፈልገውም።

ይህን የምለው ግን ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከዝግጅቱ ሦስት ሳምንት በኋላ ሪፖርት ለጠቅላላ ጉባኤ ቀረበ፤ ያነበብኩት እኔ ነኝ። አዳራሽ ይህን ያህል፣ ሳውንድ ይህን ያህል፣ ወንበር ይህን ያህል። ከዚያ፦ ልዩ ልዩ ወጪ፣ 60 ሺህ ብር። ገንዘብ ያዡ ጣሪያውን ያያል። ያን ዕለት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን የጠረጉት እናት ከኋላ እጃቸውን አወጡ።

«ልዩ ልዩ ማለት ምን ማለት ነው ልጄ?»

«ጥቃቅን ነገሮች ናቸው እማማ» አልኳቸው። «የውሃ፣ የታክሲ፣ የመሳሰለው።»

«እሺ፣ ተባረክ» ብለው ተቀመጡ።